«ዋሻ ገብተህ ታውቃለህ?»

(በጫንጮ በተካሄደው የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

ከምሳ በፊት አጠር ያለ ነገር በይ ተብያለሁና ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ላውራችሁ።

ከዚህ ከጫንጮ ወደ ደርባ ስትወርዱ ለሲሚንቶ የሚፈለጠውን የኖራ ድንጋይ ታያላችሁ። አገሩ በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። ባሌ ውስጥ ግን እንዲህ ያለው ድንጋይ ሌላ ዕድል ገጠመው። ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በመጠኑ አሲድ የሆነው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ኖራውን እያሟሟ፣ የወይብ ወንዝም እየቦረቦረው ዋሻ ሆነ። ርዝመቱ 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ 42 መግቢያዎች አሉት ይባላል። ውስጡ ያሉትን ዓምዶች ያየ ሰው ግንበኛ ያቆማቸው ይመስለዋል። ስሙን ያገኘው በትውፊት መስጊዳቸው ካደረጉት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው፤ ዛሬም ለዝያራ የሚሄድ ብዙ ነው።

እንግዲህ ሐኪም አይደለሁ? ጣሪያውን ሳይ የሌሊት ወፎቹም ይታዩኛል። በየትም አገር በሌሊት ወፍ ኩስ ላይ ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስ ሊያድግ ይችላል። አቧራውን የሳበ ሰው ሊያስለው፣ ሊያተኩሰው ይችላል፤ በሽታው ሥር ከሰደደ ይከሳል፣ ራጁም ቁርጥ ቲቢ ይመስላል። እኛ ደግሞ ቲቢ በበዛበት አገር ነው የምንሠራው። አክታው ላይ ምንም ሳይገኝ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮለት ያልተሻለው በሽተኛ ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2008 ኡጋንዳ ውስጥ የሌሊት ወፍ የሞላበትን ዋሻ የጎበኘች ኔዘርላንዳዊት በማርበርግ ሞታለች። ማርበርግ በኅዳር 2018 ዓ.ም. እኛም አገር ጂንካ ላይ ተረጋግጧል።

አትሂዱ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የሚቀጥለው መገናኛችን እዚያ ቢሆን ደስታዬ ነው። የአካባቢውን መሪ ይዛችሁ፣ ሁለት ባትሪ ጨምራችሁ ግቡ። ኩስ የበዛበትን ጥግ አትርገጡ፣ አቧራ አታስነሡ። ወይብ ሲሞላ ግን መግባት አይታሰብም።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ተማሪዎቻችሁ ሂስትሪ ሲወስዱ «ታጨሳለህ? ጫት ትቅማለህ?» እንደሚሉት ሁሉ «ዋሻ ገብተህ ታውቃለህ?» ማለትንም አስለምዱልን። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ አንዳንዱን በሽተኛ ግን ከወራት የተሳሳተ ሕክምና ያድነዋል።