ዓሣ በኩሬ ስለ መኖርና በኩሬ ስለ መውለድ



ስለ ዓሣ ኩሬ ታሪክ ስናገር፣ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው የሚነገሩትን ሁለት ነገሮች አስቀድሜ ልለያቸው እወዳለሁ፤ ዓሣን ከወንዝ አጥምዶ በኩሬ ማኖር አንድ ሥራ ነው፣ ያው ዓሣ በኩሬው ውስጥ ዘሩን እንዲተካ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ሰውም የፊተኛውን ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው፣ የኋለኛውን በብዙው የዓሣ ወገን ላይ የቻለው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በግብጽ፣ በቴብስ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1350 ዓመት ገደማ በኔባሙን መቃብር ውስጥ የተሣለው የአትክልት ኩሬ፣ በአበባና በዳክዬ መካከል የሚዋኝ፣ እኛ ቆሮሶ ከምንለው ወገን የሆነ ዓሣ ያሳያል፤ ሥዕሉ ግን ዓሣው በኩሬው መኖሩን እንጂ በዚያ መወለዱን አይመሰክርም። ስለ መውለዱ የተጻፈ ምክር የምናገኘው በቻይና ነው፤ ይኸውም የዩዌን ንጉሥ ሲያማክር ኖሮ ሹመቱን ትቶ በንግድ ለበለጸገው ለፋን ሊ የሚሰጠው መጽሐፍ፣ በአንድ ኩሬ ዘጠኝ ደሴቶች ተሠርተው፣ ካርፕ ከተባለው ዓሣ ዕንቁላል የያዙ 20 እንስትና 4 ተባዕት በሁለተኛው ወር እንዲገቡበት ያዛል። ደሴቶቹ የተፈለጉት ዓሦቹ ዙሪያውን ያለ ማቋረጥ ሲዋኙ በታላቅ ወንዝ ያሉ እንዲመስላቸው ነው ይላል፤ ዓሣው በዚህ መታለሉን እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ደሴት ሲበዛ ዳር ይበዛል፣ የካርፕ ዕንቁላል የሚጣበቅበትም ሣር የሚበቅለው በጥልቁ ሳይሆን በዳሩ ነውና፣ ምክንያቱ ቢያጠራጥርም ምክሩ መልካም ነው።

የሮማ መኳንንት ኩሬ ከጥበብ ይልቅ ትዕቢት ነበረ፤ ሉኩሉስ የባሕር ውኃ ወደ ኩሬው ለማስገባት በኔፕልስ አጠገብ ተራራ አስፈልፍሏል፣ ሲሴሮም በእንዲህ ያሉት ጌቶች ይሳለቅ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ግን በአውሮፓ ምእመናን በጾም ወራት ከሥጋ ተከልክለው ዓሣ ይበሉ ስለ ነበር፣ ገዳማቱም መሳፍንቱም ኩሬ ማስቆፈርን እንደ ታላቅ ሥራ ያዙት፤ የኦሎሙትስ ጳጳስ ዱብራቪዩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1547 ስለ ዓሣ ኩሬ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል፣ በቦሄሚያም ሮዠምበርክ የተባለው ታላቅ ኩሬ በ1590 ተፈጸመ።

እስካሁን የተባለው የመውለድ ጥበብ በፈቃዱ በኩሬ ለሚወልደው ለካርፕ ነው። በወራጅ ውኃ ጠጠር ውስጥ የሚወልደውን ትራውት የተባለ ዓሣ፣ ያኮቢ የተባለው ጀርመናዊ ዕንቁላሉንና የተባዕቱን ዘር በእጁ ጨምቆ በማደባለቅ እንዳስፈለፈለ በ1763 አሳተመ፤ ጽሑፉ ግን ስለ ተዘነጋ፣ በ1840ዎቹ በፈረንሳይ የቮዥ ተራሮች ዦዜፍ ሬሚ የተባለ ምስኪን ዓሣ አጥማጅ ያንኑ ጥበብ እንደ ገና በራሱ አስተውሎት አገኘው። የቻይና አርቢዎችም ቢሆኑ ሣር በሉን ካርፕና ዘመዶቹን ለብዙ መቶ ዓመታት ያሳደጉት ጫጩቱን በየዓመቱ ከወንዝ እያስጠመዱ ነው፤ ከእነዚሁ ዘመዶች አንዱ የሆነው የብር ካርፕ ዕንቁላል ከዓሣ አንጎል ሥር በሚወጣ ዕጢ መርፌ በኩሬ የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ነው።

በእኛ ሀገር በጓሮው ኩሬ ለሚቆፍር ሰው ግን ችግሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጣናም ከዝዋይም ከሐዋሳም የምናውቀው ቆሮሶ፣ እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅና ገና ሳታድግ መውለድ ስለምትጀምር፣ ኩሬው በጥቂት ወራት በማይበላ ደቃቅ ዓሣ ይሞላል። ስለዚህ አርቢው ወይ ፈጥነው የሚያድጉትን ተባዕቱን ከእንስቱ ለይቶ ለብቻ ያሳድጋል፣ ወይም ጫጩቱን እየለቀመ የሚበላ አምባዛ በልኩ ይጨምርበታል፤ አምባዛም ቀድሞ ገብቶ ከገዘፈ ወላጆቹን ጭምር ይውጣልና፣ መጀመሪያ ቆሮሶው ይገባል፣ አምባዛው ትንሽ ሳለ ኋላ ይከተላል።