አውሮፓውያን «አዎን» የሚሉባት ቃል



ዛሬ ልንናገርባት የመረጥናት ቃል እጅግ አጭር ናት፤ ነገር ግን አገር እስከ መሰየም ደርሳለች።

የጥንት ሮማውያን በላቲን ቋንቋቸው ለ«አዎን» የተወሰነ አንድ ቃል አልነበራቸውም። «መጥቷልን?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «መጥቷል» ብሎ ግሱን ይደግም ነበር፤ ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ወይም «ሲክ» ይላል፤ «እንዲሁ ነው» ማለት ነው። የኢጣልያኖችና የእስፓኞች «ሲ» ከዚህ ተወለደ። በደቡብ ፈረንሳይ ግን «ይህ» የሚለው «ሆክ» ተለውጦ «ኦክ» ሆነ። የሰሜኖቹ ያንኑ ቃል «ኢሌ» ማለትም «እርሱ» ከሚለው ጋራ አጣምረው «ኦይል» አሉ፤ ኋላ «ዊ» የሆነው ይኸው ነው። በክፍል ውስጥ «ዊ፣ ሙሴ» ብለን ስንመልስ «ይህን እርሱ» ማለታችን እንደ ሆነ ማን ጠርጥሮ ያውቃል!

ኢጣልያዊው ባለቅኔ ዳንቴ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ ሕዝብ ቋንቋ ሲጽፍ እነዚህን ሦስት ቋንቋዎች የለያቸው በዚህችው ቃል ነው፤ የ«ኦክ»፣ የ«ኦይል» እና የ«ሲ» ብሎ። ላንግዶክ የሚባለውም አገር የስሙ ትርጓሜ «የኦክ ቋንቋ» ነው። አገር በንጉሥ ወይም በወንዝ ሲጠራ ሰምተናል፤ በ«አዎን» ሲጠራ ግን ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ባለ«ዊ»ዎቹ በረቱ። ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1539 ዓ.ም. የፍርድና የውል ጽሑፍ ሁሉ በፈረንሳይኛ እንዲሆን አዘዘ። በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም ወዲህ ደግሞ ነገሩ ወደ ሕፃናቱ ወረደ። በብዙ ትምህርት ቤት የእናቱን ቋንቋ ሲናገር የተሰማ ልጅ እንደ እንጨት ቍራጭ ያለ ምልክት ይሰጠው ነበር። ምልክቱን የሚያወርደው ሌላ ጓደኛውን ሲናገር ሲይዝ ብቻ ነው፤ ማታ በእጁ የተገኘበት ይቀጣል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ቅጣቱ አይደለም፤ ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረጉ ነው እንጂ።

በ1951 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቋንቋው በትምህርት ቤት በፈቃደኝነት እንዲሰጥ ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. ላንግዶክ ሩሲዮንና ሚዲ ፒሬኔ አንድ ክፍለ አገር ሲሆኑ ስሙ «ኦክሲታኒ» ተባለ። «ኦክ» እንደ ገና በካርታ ላይ ተጻፈች፤ በቤታቸው በእርስዋ የሚመልሱት ግን አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው።