ጸጥ ያለ ገበያ እና የመዋዠቅ አመላካቾች



በቴክኒካል ትንተና የዋጋ መዋዠቅን የሚለኩ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ዛሬ የማነሣው አብዛኞቻችሁ በስልካችሁ ላይ የምታዩዋቸውን ሁለቱን ነው። አንደኛው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው፣ በተለምዶ ኤቲአር የሚባለው ነው። ኤቲአር የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ልዩነት ብቻ ሳይሆን፣ ከትናንቱ መዝጊያ ዋጋ ተዘሎ የመጣውንም ክፍተት ይቆጥራል፤ የተለመደው ስሌት የ14 ቀናት አማካይ ነው። ሁለተኛው የጆን ቦሊንጀር ባንድ ነው፤ ከ20 ቀናት ተንቀሳቃሽ አማካይ በላይና በታች በሁለት መደበኛ ልይይት ርቀት ይሰመራል፤ ዋጋው ሲረጋ ይጠባል፣ ሲናወጥ ይሰፋል።

ሁለቱም የሚለኩት ያለፈውን ነው። ይህን ለፈተና ሁሉም ይጽፈዋል፤ ገንዘብ ይዞ ገበያ ሲገባ ግን ጸጥታን እንደ ደኅንነት ይቆጥራል።

የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ወለል አበጀ። በ2014 መገባደጃ ዋጋው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ተጣብቆ ይውል ነበር። ኤቲአር አነስተኛ፣ ባንዱም ቀጭን ነበር። መሣሪያዎቹ በትክክል ለክተዋል፤ የለኩት ግን የባንኩን ክንድ ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ረፋድ ላይ ባንኩ ወለሉን አነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። አልፓሪ ዩኬ የተባለው አገበያይ ድርጅት ከሰረ፤ ኤፍኤክስሲኤም በ300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተረፈ።

ጉዳቱን ያባባሰው ብዙዎች ጥንቃቄ ብለው የሚከተሉት ስሌት ነው። ለምሳሌ 10,000 ፍራንክ ያለው ነጋዴ በአንድ ግብይት ከ1 በመቶ፣ ማለትም ከ100 ፍራንክ በላይ ላለማጣት ወሰነ እንበል። ኤቲአር 0.0010 ከሆነና የኪሳራ መግቻ ትዕዛዙን በሁለት ኤቲአር ርቀት ካስቀመጠ፣ 100ን ለ0.0020 አካፍሎ 50,000 ዩሮ ይገዛል። ዋጋው ከ1.20 ወደ 1.00 ሲዘል ኪሳራው 10,000 ፍራንክ፣ ያለው ሁሉ ነው። መግቻ ትዕዛዙ አያድነውም፤ በመካከል ባለው ዋጋ የሚገዛው የለምና። ኤቲአር አሥር እጥፍ ቢሆን ኖሮ 5,000 ዩሮ ብቻ ገዝቶ 1,000 ፍራንክ ያጣ ነበር። እንግዲህ ጸጥታው ራሱ ነው ድርሻውን ያሳበጠው።

ለእኛም ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ በ57 ብር አካባቢ ነበር፤ የምንዛሪው ሥርዓት በተለወጠ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የቀደሙትን ወራት የባንክ ዋጋ ብቻ ይዞ ኤቲአር ያሰላ ሰው እጅግ የተረጋጋ ገንዘብ አገኘሁ ባለ ነበር። በትይዩ ገበያ የነበረው ሰፊ ልዩነት በዚያ ገበታ ላይ አይታይም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ጠባብ ባንድ ይዘው ሲመጡ ቀድሜ የምጠይቀው ዋጋውን የያዘው ማን እንደሆነ ነው። ያዥ ካለ፣ የግብይቱን መጠን ከኤቲአር አናወጣም፤ ያዡ ቢለቅ ዋጋው እስከየት ሊዘል እንደሚችል ገምተን ከዚያ እናሰላለን። ከዝላዩ በኋላም ኤቲአር ዘግይቶ ይጮኻል፦ በምሳሌያችን የ0.20 ዝላይ ሲገባበት ከ0.0010 ወደ 0.0152 ገደማ ያድጋል፤ ገበያው ከረጋ በኋላም በዋይልደር ስሌት ለሳምንታት ከፍ እንዳለ ይቆያል።