ዓሣ ከመግዛታችን በፊት የምናነባቸው መጻሕፍት
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በመጻሕፍት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የምንናገረው በበከኒሳ ቀሴ ከሚኖሩ አባሎቻችን ስለተነሳው ሐሳብ ነው። የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ አኳሪየም የሚባለውን፣ እየሠራን ለነቀምቴ ካፌዎችና ሆቴሎች ብናቀርብስ የሚል ነው። መስታወት ቆራጭ አለ፤ ሲሊኮንም ከሱቅ አይጠፋም። መነሻው ከብድር ሣጥናችን ይውጣ ተብሏል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የእናንተ የወር መዋጮ ስለሆነ፣ ጀማሪ ሰው የትኛውን መጽሐፍ ይዞ ቢነሳ እንደሚሻል አይተን እንድንመጣ አዛችሁን ነበር። ያየነውን እነሆ።

«ይህ ደግሞ የሴት ሥራ ነው ወይ?» ለሚሉን መልስ አግኝተናል። እ.ኤ.አ. በ1832 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ የባሕር እንስሳትን ኑሮ ለመመርመር የመስታወት ገንዳ ያዘጋጀችው ዣን ቪልፕሩ ፓወር የምትባል ፈረንሳዊት ናት። ከዚያ በፊት ፓሪስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች።

መጽሐፍ ስንመርጥ የያዝነው መመዘኛ አንድ ነው፤ ስለ ዓሣው ከማውራቱ በፊት ስለ ውሃው ያስተምራል ወይ? ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ ይጸዳዳል፤ ከቆሻሻውና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም መርዝ ነው። ቀጥሎ ሌሎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እሱ እምብዛም አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ በመቀየር ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እርሾ ሳይኖር ሊጥ አይቦካም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ዛሬ ገንዳ ሞልቶ ዛሬውኑ ዓሣ የሚጨምር ሰው ዓሣው በሳምንት በሁለት ሳምንት ሲሞትበት ሻጩን ይረግማል። ሻጮቹ ደግሞ እኛ ልንሆን ነው።

በዚህ መመዘኛ የዴቪድ ቦሩቾዊትዝ «ቀላሉ የንጹሕ ውሃ አኳሪየም መመሪያ» ለጀማሪ ይበጃል ብለናል። የማዲና የሚክ ሃርግሮቭ «ፍሬሽወተር አኳሪየምስ ፎር ደሚስ»ም ጥሩ ነው፤ «ደሚስ» ማለት ሞኞች እንደ ማለት ነውና በስሙ እንዳትቀየሙ። ሩዲገር ሪልና ሃንስ ባንሽ ያዘጋጁት «የአኳሪየም አትላስ» ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ተነብቦ የሚያልቅ ሳይሆን እንደ መዝገበ ቃላት የሚገለጥ። ለእያንዳንዱ ዓሣ የሚስማማውን የሙቀት መጠን፣ የውሃ ዓይነትና የገንዳ ርዝመት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ግዢ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የዊልያም ኢንስ መጽሐፍ ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ስለ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ዛሬ የሚታወቀው ወደ ቤት አኳሪየም ሳይገባ የተጻፈ ስለሆነ ለእኛ አይሆንም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ መብራት በማይጠፋበት አገር የተጻፉ ናቸው። ማሞቂያ ግዙ፣ 25 ዲግሪ ላይ አድርጉት ይላሉ። የነቀምቴ ቤት ግን በክረምት ይቀዘቅዛል፤ መብራቱም ይሄዳል፤ ማሞቂያ ላይ የተመሠረተ ዓሣ አያዛልቀንም። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወደው ወርቃማ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ የሚችልና ውሃ በጣም የሚያቆሽሽ በመሆኑ ለትንሽ ገንዳ አይሆንም። ከተገኘ ዋይት ክላውድ የሚባለው፣ 4 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆነው የቻይና ዓሣ ይሻላል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ አሥር ዓሣ ካለ እኛ ሰባት እንበል፤ ገንዳውም ከቁመቱ ይልቅ አፉ ሰፊ ይሁን። መብራት ሲሄድ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በክፍት ባልዲ አንድ ቀን ይደር። ሌላም አለ፤ 60 በ30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል፤ ከመስታወቱ ሌላ ውሃው ብቻ 54 ኪሎ ነውና የካፌው መደርደሪያ ይቻለው እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ።

ስለ አገራችን ዓሣዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የረድኤት ሀብተሥላሴ መጽሐፍ አለ። የመለያ መጽሐፍ እንጂ የማርቢያ መመሪያ አይደለም፤ ቢሆንም ከደዴሳ የሚወጣው ዓሣ ከገበያ ከመጣው የተለየ መሆኑን ለማወቅ ይረዳል። የሰለቸንን ዓሣም ሆነ የገንዳ ተክል ወደ ወንዝ መጣል በፍጹም አይገባም። እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በዓለም ዙሪያ ከቦታ ቦታ ያዞረው የአበባው ውበት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የጠቀስናቸው መጻሕፍት ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የሚያነቡት አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው፤ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያሉም አሉ። አስቴር ጋኖ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጅታ፣ ኋላም እዚሁ ነቀምቴ አስተምራለች፤ እኛ ስለ አንድ ገንዳ ውሃ የሚያወሳ ደብተር በሁለቱ ቋንቋዎች ማዘጋጀት አያቅተንም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጆቻችን እያነበቡ ይተርጉሙልን፤ እኛ የመብራቱንና የብርዱን ነገር እንጨምርበት።

ለጋሽ ወዳጆቻችን፤ ማሞቂያና የሚያብረቀርቅ ዕቃ አትላኩልን። ከላይ ከጠቀስናቸው የጀማሪ መጻሕፍት ሁለት ሁለት ቅጂ፣ ከአትላሱ አንድ፣ እንዲሁም የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ብትልኩልን ይበልጥብናል።

ለአባላት የምናቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው። ብድሩ ለአንድ የሙከራ ገንዳ ብቻ ይሰጥ። ገንዳው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆይ፤ ለባክቴሪያዎቹ በየዕለቱ ትንሽ የዓሣ ምግብ ይጨመርበት፤ ውሃው በየሳምንቱ ተመርምሮ ውጤቱ በደብተሩ ይጻፍ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆኑ ዓሣ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ለካፌ የሚሆነው ብድር ይታይ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ውሃ ልናይ ነው?» ያሉን እህቶች አሉ፤ አዎ፣ ባዶ ውሃ ልናይ ነው። ተረኛ ጠባቂዎች የምትሆኑ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፤ ድምፅ የምንሰጠው ከቡና በኋላ ነው።