ባለሙያ ይዛወራል፣ መዝገብ ይቀራል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የዘንድሮው በዓል ደስታም ስንብትም አለበት። በሜጫ ቀበሌዎች ሰባት ክረምት ከአርሶ አደሩ ጋር በጭቃ የተመላለሰችው የሰብል ልማት ባለሙያ ወደ ድሬዳዋ ልትዛወር ነው። ባለቤቷ እዚያ ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልጃቸውም አባቱን በስልክ ብቻ እያወቀ ማደግ የለበትም። ስለዚህ ለምን ትሄጃለሽ ብሎ የሚወቅሳት የለም።

መንገዱ ሩቅ ነው። ከመራዊ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሲደመር 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከበቆሎና ከዳጉሳው አገር ተነሥታ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለች፣ ሙቀት ወደሚበዛባትና ዝናብ ወደሚያንስባት ከተማ ትወርዳለች። ድሬዳዋ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት፤ በገበያዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይሰማል። በዙሪያዋ ማሽላ አምራች አርሶ አደሮች ስላሉ የባለሙያዋ ሙያ እዚያም ሥራ አያጣም።

ዋናው ጉዳይ ምን ትታ ትሄዳለች የሚለው ነው። የሜጫ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ማዳበሪያ ቢጨመርም ፎስፈረሱ በአፈሩ ተይዞ ስለሚቀር ሰብሉ በሚገባ አይጠቀምበትም፤ ገበሬው ገንዘቡን ቀበረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን በግምት አይበተንም። መጠኑ በአፈር ምርመራ ይወሰናል፤ ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፤ አንዴ ከተጨመረም ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል። እንግዲህ የማን ማሳ መቼና ምን ያህል ኖራ እንዳገኘ የማያውቅ ተተኪ፣ ያላገኘውን ይዘልላል፣ የጠገበውን ይደግማል። ኪሳራው የአርሶ አደሩ ነው።

ባለሙያዋ ይህን ቀድማ አስባበታለች። የእያንዳንዱን ማሳ ባለቤት፣ ጎጥ፣ የምርመራ ውጤትና ኖራ የተጨመረበትን ዓመት በመዝገብ አስፍራለች። አንዱ ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል። ከየጎጡም ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ አርሶ አደር መርጣ አመዘጋገቡን አሠልጥናለች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ!

ከእንግዲህ ያለው የማኅበራቱ ድርሻ ነው።

አንደኛ፣ ርክክቡ በቢሮ ፊርማ ብቻ አይለቅ። ተተኪው ከተሰናባቿ ጋር ማሳ ለማሳ ይዙር፣ ከባለ ማሳዎቹም ጋር ይተዋወቅ።

ሁለተኛ፣ ተተኪ ሳይመደብ የዘር ወቅት ከደረሰ የሠለጠኑት አርሶ አደሮች መዝገቡን ያስቀጥሉ፤ አመራሩም ይከታተላቸው።

ሦስተኛ፣ ኖራ የሚፈልጉ አባላት ጥያቄያቸውን ለማኅበሩ በወቅቱ ያቅርቡ። በዘር ሰሞን የመጣ ኖራ ለዚያ ዓመት አይደርስም።

ባለሙያ ይመጣል፣ ይሄዳል። መሬቱና ማኅበሩ ግን የአባላቱ ናቸው። ሰባት ክረምት የለፋችበት ሥራ በአንድ መጋቢት እንዳይበተን መጠበቅ ለተሰናባቿ ከሚሰጥ ጋቢ ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ለእርሷና ለቤተሰቧ መልካም ጉዞ! ለሁላችሁም መልካም በዓል!