ተመራማሪውና ተማሪ ቤቱ
በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር



የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለ ሆነ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ እንናገራለን። ይኸውም የኮምፒዩተር ትምህርት እንዲሻሻል ተመራማሪዎችና ተማሪ ቤቶች እንዴት አብረው ሊሠሩ እንደሚገባ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ ያገለግሉ ነበር፤ የሚበዙትም በአስተማሪነት ነው። ከአያቶቻችን መካከል በነሱ እጅ የተማሩ አሉ። የዩኒቨርሲቲው ሰው ዓመቱን ከተማሪው ጋራ ከርሞ፥ የጎደለውን በዓይኑ አይቶ ይመለስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌላ ዓይነት ሙከራ ተሰማ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋራ ሆኖ፥ በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ተማሪ ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት ታብሌት በታሸገ ሣጥን ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም፤ ለዐዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ተነገራቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፥ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ይሉት ጀመር፤ በ5 ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ይኸን ስንሰማ ኮራን። ነገር ግን ልጆቹ የሠሩትን የሚመዘግበውን ካርድ አንድ ቴክኒሻን በየሳምንቱ እየመጣ ይለውጠው፥ ለተመራማሪዎቹም ያደርሰው ነበር። ታዲያ ልጁ «ካሜራውን የከፈትሁት በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ማን ነው?

በኛም ላይ ይኸን የመሰለ ደርሷል። አምና የመጡ ጠያቂዎች (ከየት እንደ መጡ መናገር አያስፈልግም) 6 ገጽ ወረቀት አስሞልተውን ሄዱ። «ኮምፒዩተር ትወዳላችሁን?» ይላል። እንወዳለን ብለን ጻፍን። ከኮምፒዩተሮቻችን ስንቱ እንደሚሠራ ግን አልጠየቁንም፤ ውጤቱንም እስከ ዛሬ አልሰማን።

ተመራማሪ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። እ.ኤ.አ. በ2013 በከተማችን የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት ከሠሩት አንዱ ነው፤ ልጆችንም የፕሮግራም አጻጻፍ አስተምሯል። (ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት ነበር። እኛ የቦሌ ልጆች ስለ ሆንን የሻንጣ ነገር አያስደንቀንም።)

የምንለምነው ይኸ ነው፤ ተመራማሪው ሲመጣ አስቀድሞ ከአስተማሪያችን ጋራ ይቀመጥ። በሒሳብ ክፍል ሐሰት የሆነው «ሀ = ሀ + 1» በኮምፒዩተር ክፍል ትክክል ነው በተባለ ጊዜ፥ ግማሾቻችን አንድ ሳምንት ሙሉ ግራ ተጋባን። አስተማሪያችን አንድ ባዶ ጣሳ አምጥተው «ሀ» ብለው ጻፉበት፤ 3 የበቆሎ ፍሬ ከተቱበት፤ ቆጠርን። አንድ ጨመሩበት፤ 4 ሆነ። «ስሙ የጣሳው ነው፤ የሚለወጠው በውስጡ ያለው ነው» አሉን። ያን ጊዜ ገባን። ይኸ ዘዴ በየትም አልተጻፈም፤ በሳምንት 26 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር ሰው መቼ ይጽፈዋል? ሌላ ክፍል ላይ ይሠራ እንደ ሆነ መርምሮ የሚጽፈው ተመራማሪው ነው። የሁለቱም ስም ይውጣበት፤ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ በዚህ አዳራሽ ይነበብልን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮምፒዩተሩ ክፍል ክፍት ነው፤ መጥታችሁ እዩን። ጣሳውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ።