ቁጥሩ ምኑን ነው የቆጠረው?

ዛሬ የማነሳው ስለ ወረርሽኝ ሪፖርት ነው፤ በተለይ ሪፖርቱ ወጥቶ ካደረ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ የላይቤሪያና የሴራሊዮን ጤና ሚኒስቴሮች በየጊዜው ሪፖርት ያወጡ ነበር፣ ጊኒም በፈረንሳይኛ። ችግሩ፣ አብዛኛው ፒዲኤፍ ነው። ለዓይን ይነበባል እንጂ ለስሌት አይመችም። ያኔ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ኬትሊን ሪቨርስ ሰንጠረዦቹን ወደ መረጃ ቋት ገልብጣ ለማንም ክፍት አደረገችው። በበኩሌ ከብዙ የተራቀቀ ቀመር ይህን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ አስበልጣለሁ።

ታዲያ መገልበጥ ምን ይከብዳል? እንበልና የአንድ አውራጃ ድምር ሰኞ 100 ነበር፣ ማክሰኞ 97 ሆኖ መጣ። ሦስት ሰው የት ገባ? የትም። ትኩሳትና ትውከት ይዞት «ተጠርጣሪ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ደሙ ተመርምሮ ኢቦላ የለበትም ከተባለ ከዝርዝሩ ይወጣል። ኮምፒዩተሩ ግን ቀንሶ «አዲስ ታማሚ፦ ከዜሮ በታች ሦስት» ይላችኋል። ጀማሪ ይደነግጥና ዜሮ ያደርገዋል። አያድርገው! ቁጥሩ እንደመጣ ይቀመጥ፤ ተጠርጣሪውና በላቦራቶሪ የተረጋገጠው በየዓምዳቸው ይግቡ።

ከዚህ የባሰው ባዶ ሳጥን ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ሪፖርት ያልላከ ወረዳ ላይ ዜሮ ከሞላችሁ «በሽታ የለም» ብላችሁ መሰከራችሁ ማለት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ የቻይናዋ ሁቤይ ግዛት በአንድ ቀን ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ አዲስ የኮሮና ታማሚ አስመዘገበች። ቫይረሱ በአንድ ሌሊት አልበረረም። ያለ ላቦራቶሪ ውጤት፣ በሐኪም ምርመራ ብቻ የተለዩትም ይቆጠሩ ስለተባለ ነው። ይህን የማይጽፍ ቋት ከዓመታት በኋላ ለሚከፍተው ተመራማሪ ያልነበረ ፍንዳታ ያሳየዋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የቀን ጣጣ ይጨመራል። ሪፖርት ላይ «5/1/2016» ተጽፎ ብታገኙ መስከረም 5 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 5? በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ። ስለዚህ ከቀኑ አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ ዋናውን ሪፖርትም ገልብጫለሁ ብላችሁ አትሰርዙት።